ጨው ሁለቴ የሚገባበት ወጥ

ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና ባሉ የኮልፌ ቀራንዮ ቤቶች፣ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው አንዴ ይገባል። ወጡ ሊወርድ ሲል ደግሞ ይጨመራል። ባለሙያዋ ቀምሳ “ጨው አነሰው” ትላለች እንጂ የመጀመሪያውን አትቆጥረውም።

በ2015 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት አንድ አዋቂ በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደሚወስድ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ጨው ውኃ ይይዛል፤ በደም ሥር የሚዘዋወረው ፈሳሽ ይበዛል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ለዓመታት ጫና የበዛበት የደም ሥር ይደድራል። አንጎል ውስጥ ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ስትሮክ ይሆናል።

ደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም፤ ካልተለካ አይታወቅም። ከሁሉ የሚያሳዝነው “ተሽሎኛል” ብሎ ኪኒን ማቆም ነው። ግፊቱ የወረደው እኮ መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው!

የሚረጋው የፓልም ዘይትም ኮሌስትሮል ስለሚጨምር በፈሳሽ የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ቢተካ ይሻላል፤ እሱም በልኩ። ሲጋራ ግን ልክ የለውም፤ ማቆም ብቻ ነው። ለእንቅስቃሴ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል፤ ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ጥሩ ጅምር ነው።

ፊት በድንገት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ፣ “ትንሽ ይረፍ” ሳይባል በሽተኛው ወዲያውኑ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ምልክቱ የጀመረበት ሰዓትም ለሐኪሙ ይነገር።