በሩቅ ያለ መዝገብ፣ በቅርብ ያለ ቁልፍ

በሀርጌሳ ከተማ ትልቁ ገበያ ዋሄን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ኤፕሪል 1 ቀን 2022 ማታ እሳት ተነሥቶበት ሌሊቱን ሁሉ ሲነድ አደረ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ወደ 2,000 የሚጠጉ ሱቆችና መደቦች ይገኙበት የነበረው ይህ ገበያ ሲነጋ አብዛኛው ክፍሉ አመድ ሆኖ ታየ። ስለ ጠፋው ዕቃ ብዛት በጊዜው ብዙ ተነግሯል፤ ነገር ግን ነጋዴ የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው ከዕቃው ይልቅ ለመተካት የሚያስቸግረው የሒሳብ መዝገብ ነው። ዕቃ በዱቤ ተገዝቶ ይተካል፤ ማን ምን ያህል እንደ ተበደረና ምን ያህል እንደ ከፈለ የሚናገረው መዝገብ ከሱቁ ጋር ከነደደ ግን ለባለገንዘቡ የሚቆምለት ምስክር አይገኝም።

ስለዚህ በሀርጌሳ የሚሠራ ነጋዴም ሆነ የመሥሪያ ቤት ሹም፣ መዝገቡ በአንድ ቤት ብቻ ተዘግቶ እንዳይቀር ማሰቡ ግድ ነው። ለዚህ አሳብ የሚረዳ አንድ መሣሪያ አለ፤ ይኸውም ሪሞት ዴስክቶፕ የሚባለው ሲሆን፣ ሰው ባለበት ተቀምጦ በሌላ ስፍራ ያለውን ኮምፒዩተር በኢንተርኔት የሚያሠራበት ሶፍትዌር ነው። የሩቁ ኮምፒዩተር ሥራውን ሁሉ ራሱ ይሠራል፤ ወደ ነጋዴው የሚልከውም በመሠረቱ የስክሪኑን ሥዕል ነው፤ ከነጋዴው ወደ እርሱ የሚሄደው ደግሞ ጣት የነካው ፊደልና የማውሱ እንቅስቃሴ ነው። በዚህ ዓይነት በሀርጌሳ የተቀመጠ አስመጪ፣ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በበርበራ ወደብ ያለውን የመጋዘኑን መዝገብ ከፍቶ፣ የገባውንና የወጣውን ዕቃ ከወንበሩ ሳይነሣ ሊመረምር ይችላል።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ማይክሮሶፍት በ1998 ተርሚናል ሰርቨር በተባለው የዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ዓይነት አማካይነት ለገበያ አቅርቦታል፤ ቲምቪወር በ2005፣ ኤኒዴስክም በ2014 በጀርመን አገር ተቋቁመው ሥራውን አስፋፍተውታል። ከዚያ ወዲህ ከተደረጉት ማሻሻያዎች አንደኛው የመስመር ቁጠባ ነው። አዲሶቹ ሶፍትዌሮች ከስክሪኑ ላይ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ለይተው፣ እንደ ፊልም ሥዕል አሳንሰው ይልካሉ፤ መስመሩ ሲደክምም የሥዕሉን ጥራት ዝቅ አድርገው ሥራው እንዳይቋረጥ ያደርጋሉ። ሁለተኛው፣ ኮምፒዩተሩን ከሞባይል ስልክ ለማሠራት መቻሉ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር መግለጥ ይገባል። የሩቁን ኮምፒዩተር ማየት መዝገቡን መገልበጥ አይደለም። በበርበራ ያለው ኮምፒዩተር ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ፣ በሀርጌሳ የሚቀረው ባዶ ስክሪን ነው። ስለሆነም መዝገቡ ቢያንስ በሌላ ሁለተኛ ስፍራ በየቀኑ እንዲገለበጥ ማድረግ የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ከመግዛት በፊትም ሊታወቅ የሚገባው ጉዳይ አለ። ሆም የሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት በማይክሮሶፍት ሪሞት ዴስክቶፕ ከሩቅ የሚመጣን ሰው አይቀበልም፤ ለዚህ ፕሮ የሚባለው ያስፈልጋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማይክሮሶፍት ከራሱ መደብር ይወርድ የነበረውን የሪሞት ዴስክቶፕ ሶፍትዌርም ሜይ 27 ቀን 2025 አቁሞ፣ ዊንዶውስ አፕ በተባለው ተክቶታል፤ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው የቀድሞው መገናኛ ግን እንዳለ ነው።

ይሁን እንጂ ከማሻሻያዎቹ ሁሉ የሚበልጠው የቁልፉ ጉዳይ ነው። ለባለቤቱ ከሩቅ የሚከፈት በር ለሌባም ከሩቅ ይከፈታልና። በሜይ ወር 2019 ማይክሮሶፍት ብሉኪፕ የተባለ ቀዳዳ በሪሞት ዴስክቶፕ ሥርዓቱ መገኘቱን ገልጦ ነበር፤ አደጋው ከባድ በመሆኑ ድጋፉ ካበቃ ዓመታት ላለፉት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ጭምር መድፈኛ አወጣ። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ ኤኒዴስክ የራሱ ሰርቨሮች በሌቦች መደፈራቸውን አስታውቆ፣ ደንበኞቹ የይለፍ ቃላቸውን እንዲለውጡ መክሯል። ቁልፍ ሠሪው ራሱ ከተደፈረ ዘንድ፣ በአንድ የይለፍ ቃል ብቻ ተማምኖ መተኛት ብልህነት አይደለም።

ስለዚህ ባለቤቱ ከአዲሶቹ ሶፍትዌሮች ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ከይለፍ ቃሉ ሌላ በስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫ። ሁለተኛ፣ በስም ከተመዘገቡት በቀር ማንንም የማያስገባ የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር። ሦስተኛ፣ ማን በየትኛው ሰዓት ገብቶ እንደ ወጣ የሚያስቀር መዝገብ። የመሥሪያ ቤት ሹም በተለይ ይህን ሦስተኛውን ሊያቃልለው አይገባም፤ ሠራተኛ ከሥራው ሲሰናበት የቢሮውን ቁልፍ እንደሚያስረክብ ሁሉ፣ ስሙም በዚያው ዕለት ከዝርዝሩ ይሰረዝ።

በሀርጌሳ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ያስፈልጋል። የቴሌሶም ኩባንያ በ2009 ዛድ የተባለውን አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በሞባይል መዘዋወሩ የተለመደ ሆኗል። በልዩ ልዩ አገሮች የታየው የማጭበርበር ዘዴም ይህንኑ የሚመለከት ነው፤ አንድ የማይታወቅ ሰው ከባንክ ወይም ከስልክ ኩባንያ ነኝ ብሎ ይደውላል፤ ችግርህን ላስተካክልልህ፣ ይህን ሶፍትዌር ጫንና የሚታይህን ቁጥር ንገረኝ ይላል። ቁጥሩን የነገረ ሰው የሱቁን በር በገዛ እጁ ከፈተ ማለት ነው። እንዲህ ላለው ደዋይ ትክክለኛው መልስ ስልኩን ዘግቶ፣ ወደ ኩባንያው በታወቀው ቁጥር ራስ መደወል ነው።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል። የዋሄን ነጋዴ እሳት ምን እንደሆነ በዓይኑ አይቷል። መዝገቡን ከእሳት ለማራቅ ሲል በሩን ለሌባ ክፍት እንዳይተው፣ ኮምፒዩተሩን ከማራቁ አስቀድሞ ቁልፉን ያጥብቅ።