ስለ ፕላስቲክ ማሰሪያና ስለ መንገደኛ ቦርሳ አበጃጀት

ሰው ለመንገድ በሚነሣበት ጊዜ ስንቁንና ልብሱን አስቦ ያዘጋጃል፤ ስንቁንና ልብሱን አጠቃሎ የሚይዘውን ማሰሪያ ግን አስቀድሞ የሚመረምር ጥቂት ነው። ነገር ግን መንገደኛን በዳገት መካከል የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ የማንገቻ መበጠስ፣ የዘለበት መሰበር፣ ወይም የዚፕ መበላሸት ነው። ይህም ሲሆን ጓዙ ሁሉ ደኅና ሳለ በአንዲት ጥቂት ነገር ምክንያት ጉዞው ይሰናከላል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ፣ በየሱቁ በጥቂት ገንዘብ ስለሚገኘውና ኬብል ታይ ወይም ዚፕ ታይ ስለሚባለው የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ለቦርሳ መጠገኛ የሚረዳበትንና የማይረዳበትን ለይተን ለክቡራን አንባብያን ልንገልጽ አሰብን።

የአገራችን ሰው ከጥንት ጀምሮ በማሰር ጥበብ ድኻ አልነበረም። ነጋዴ የበቅሎውን ጭነት በጠፍር መጫኛ አጥብቆ ይጭን ነበር፤ ገበሬ ነዶውን በገመድ ያስራል፤ የቤት እመቤት የመንገዱን እንጀራ በአገልግል አድርጋ በጠፍሩ ታስረዋለች፤ የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን በትከሻው ያነግታል፤ መጽሐፉም በቆዳ ማኅደር ሆኖ በማንገቻው ይንጠለጠላል። የእነዚህ ሁሉ ማሰሪያ ቆዳ ወይም ቃጫ ስለ ሆነ፣ በተበጠሰ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ በወስፌ በስቶ ወይም ቋጥሮ ያድሰዋል። የዛሬው የጀርባ ቦርሳ ግን የፋብሪካ ሥራ ነውና፣ ዘለበቱ በተሰበረ ጊዜ ብዙ ሰው የሚጠግንበትን መንገድ ባለማወቅ፣ ገና ዓመት ሊያገለግል የሚችለውን ቦርሳ ይጥለዋል።

ይህ ነገር ለወሎ ሰው በተለይ የቅርብ ጉዳይ ነው። ደሴ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ በጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኮምቦልቻ ግን ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። እንግዲህ በዚህ አገር መሄድ ማለት መውጣትና መውረድ ማለት ነው። በዳገት ጊዜ ሸክሙ ወደ ኋላ ይስባል፤ በቁልቁለት ጊዜ ደግሞ በየእርምጃው ይዘልላል፤ በሁለቱም ጊዜ የሚጨነቀው ማንገቻው ከቦርሳው ጋራ የተሰፋበት ስፍራ ነው። በሆጤ ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው ልጅ፣ ለመስከረም 21 ቀን በዓል ወደ ግሸን ማርያም የሚወጣው ክርስቲያን፣ ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚጓዘው ሙስሊም፣ ሁሉም ይህን በትከሻው ያውቀዋል።

የፕላስቲኩ ማሰሪያ መጀመሪያ የታሰበው ለመንገደኛ ሳይሆን ለአውሮፕላን ነበር። ቶማስ ኤንድ ቤትስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሞሩስ ሎጋን በ1956 እ.ኤ.አ. የቦይንግን የአውሮፕላን ፋብሪካ በጎበኘ ጊዜ፣ ሠራተኞቹ እጅግ ብዙ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሰም በተቀባ የናይሎን ክር እየቋጠሩ ሲያስሩ አየ። ክሩን ለማጥበቅ በጣታቸው ላይ ጠምጥመው ስለሚስቡት ጣታቸው ይቈረጥ ነበር። ሎጋንም ከዚህ ድካም የሚያድን ነገር ሲያስብ ቆይቶ፣ በ1958 እ.ኤ.አ.፣ ማለት በ1950 ዓ.ም.፣ የፈጠራ መብቱን ለማስመዝገብ አመለከተ። ማሰሪያው የሚሠራበት ናይሎን ደግሞ በ1935 እ.ኤ.አ. በዱፖንት ኩባንያ በዋላስ ካሮተርስ የተገኘ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጠፍጣፋው ጭራ በአንድ ወገን ጥቃቅን ጥርስ አለው፤ በራሱ ቀዳዳ ውስጥም አንዲት ትንሽ ምላስ አለች። ጭራው ወደ ፊት ሲሳብ ምላሲቱ ጥርሱን እየተራመደች ታሳልፈዋለች፤ ወደ ኋላ ሲሳብ ግን ነክሳ ትይዘዋለች። ስለዚህ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። በዳኞች ፊት ሁለት ሰዎች የሚተሳሰሩበትን ነገር ውል እንለዋለን፤ የክርንም ጫፍ ውል እንለዋለን፤ ይህ ማሰሪያ ግን አፍራሽ የሌለው ውል ነው። ምናልባት በመርፌ ጫፍ ምላሲቱን ቀና ቢያደርጓት ይለቅቅ ይሆናል እንጂ፣ በተለመደው ነገር ከመቍረጥ በቀር መፍቻ የለውም። እንግዲህ ከማጥበቅ በፊት ማሰብ ይገባል።

ኀይሉም እንደ ስፋቱ ነው። ስፋቱ 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነው 8 ኪሎ ያህል፣ 4.8 ሚሊ ሜትር የሆነው 22 ኪሎ ያህል፣ 7.6 ሚሊ ሜትር የሆነው 54 ኪሎ ያህል ስበት እንዲችል ተደርጎ ይሠራል። ይህም ልኩ ለአዲሱና ለደኅናው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በቤት ውስጥ ማንም ሰው ሊያደርገው የሚችለውን እንጽፋለን።

አንደኛ፤ የዚፕ መጎተቻ በጠፋ ጊዜ፣ ቀጭኑን ማሰሪያ በዚፑ ራስ ቀዳዳ አስገብቶ፣ ጣት የሚገባበትን ያህል ቀለበት አስቀርቶ ማሰር ነው። በደሴ ብርድ ጣቱ የደነዘዘ ሰው እንኳ በዚህ ቀለበት ዚፑን ያለ ችግር ይከፍታል።

ሁለተኛ፤ የጎን ኪስ በተቀደደ ጊዜ፣ ከቀዳዳው ጥቂት ራቅ ብሎ ደኅናውን ጨርቅ በወስፌ መብሳት፣ ከዚያም ቀጫጭን ማሰሪያዎችን እንደ ስፌት አከታትሎ ማስገባት ነው። በቀዳዳው ዳር በቅርብ የበሳ ሰው ቅዳዱን ያሰፋዋል እንጂ አይጠግነውም።

ሦስተኛ፤ የማንገቻው ጠፍር በዘለበቱ ውስጥ እየተንሸራተተ ባስቸገረ ጊዜ፣ ማንገቻውን በልክ ካስተካከሉ በኋላ፣ የተረፈውን ጫፍ በዘለበቱ አጠገብ አጥፎ በማሰሪያ ማጥበቅ ነው። የታጠፈው ስፍራ ስለ ወፈረ በዘለበቱ ማለፍ አይችልም።

አራተኛ፤ የውኃ ኮዳ ወይም የተጠቀለለ ምንጣፍ ከውጭ ለማንጠልጠል፣ አንዱን ማሰሪያ በቦርሳው ጆሮ ላይ ቀለበት አድርጎ ማሰር፣ ሁለተኛውንም በእርሱ ውስጥ አሳልፎ እንደ ሰንሰለት ማያያዝ ነው።

አምስተኛ፤ የድንኳን ዘንግ ወይም የቦርሳ ደጋፊ በተሰነጠቀ ጊዜ፣ ወጌሻ የተሰበረ እጅን በሽንበቆ ደግፎ እንደሚያስር፣ ጠንካራ እንጨት በስንጥቁ ላይ አስተኝቶ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ማሰር ነው።

ስድስተኛ፤ ቦርሳው በአውቶቡስ ላይ በሚጫንበት ጊዜ ሁለቱን የዚፕ ራሶች በአንድ ማሰሪያ ማጋጠም ነው። ይህ ሌባን አይከለክልም፤ ነገር ግን እንደ ደብዳቤ ማኅተም ነውና፣ ተከፍቶ እንደ ሆነ ለባለቤቱ ያስታውቃል።

በዚህ ሁሉ የማሰሪያው ራስ ከጀርባ ወደ ውጭ እንዲመለስ ማድረግ ይገባል። ትርፉንም ጭራ በጥፍር መቍረጫ ከራሱ ጋራ አስተካክሎ መቍረጥ ነው፤ በመቀስ በአግድም ተቈርጦ የቀረው ጫፍ እንደ ምላጭ ሆኖ ቆዳንም ልብስንም ይቈርጣልና።

አሁን ደግሞ የማይረዳበትን እንናገር። ናይሎን በፀሐይ ብዛት ይደርቃል፤ ይሰነጠቃልም። ጥቍሩ ከነጩ ይልቅ ፀሐይን ይታገሣል፤ እርሱም ቢሆን ለዘለዓለም አይኖርም። ስለዚህ ዋናውን የትከሻ ማንገቻ በዚህ ማሰሪያ ብቻ አምኖ ሩቅ መንገድ መሄድ አይገባም። በመንገድ ላይ ቢበጠስ ሁለት ወይም ሦስት ሰፋፊ ማሰሪያ አስሮ ከሰው መንደር መድረስ ይቻላል፤ ከደረሱ በኋላ ግን ለቦርሳ ሰፊ ሰጥቶ በወፍራም ክር ማሰፋት ነው። ገደል ለመውጣትና ለመውረድ፣ ሰውንም ለመደገፍ ከቶ አይሆንም።

ከዚህም የበለጠ ወላጆች ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ። ልጆች ይህን ማሰሪያ እንደ አምባር አድርገው በእጃቸው ወይም በጣታቸው ሊጫወቱበት ይወድዳሉ። የሚጠብቅ እንጂ የማይላላ ስለ ሆነ የደም መመላለሻን ዘግቶ ጣትን እስከ ማጥፋት ሊያደርስ ይችላል። በእንስሳም እግር ወይም አንገት ማሰር እንዲሁ ክፉ ነው። የተቈረጠውንም ጭራ በሜዳ መጣል አይገባም፤ ፕላስቲክ የዋጠ ከብት በሆዱ ስለማይፈጭለት ይታመማል፤ ይሞታልም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ ስለ አንድ ቦርሳ መጻፍ ለምን አስፈለገ ይል ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ፣ እጅግ ብዙ ቤተ ሰብ የቻለውን ብቻ አንሥቶ በእግርና በመኪና ወደ ደቡብ ተሰደደ። እንዲህ ባለ ቀን የሕፃናት ልብስ፣ የበሽተኛ መድኃኒት፣ የቤት ካርታና የትምህርት ምስክር ወረቀት ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ማንገቻው ቢበጠስም ቆሞ የሚጠግንበት ጊዜ የለም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፣ የመጠገኛው ጊዜ ሰላም ባለበት ቀን ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በወር አንድ ቀን የልጆችንም የታላላቆችንም ቦርሳ አውጥቶ፣ ማንገቻው የተሰፋበትን ስፍራ በእጅ እየሳበ ይመርምር። በየቦርሳውም ውስጥ ስፋታቸው ልዩ ልዩ የሆነ ዐሥር ማሰሪያ፣ አንድ መርፌ ከወፍራም ክር ጋራ፣ አንድ ጥፍር መቍረጫ በትንሽ ከረጢት አድርጎ ያኑር። ታላቁ ልጅ ለታናሹ እያሳየ ቢያስተምረው፣ አባትና እናት በሌሉበት መንገድም ቢሆን ልጁ የገዛ ሸክሙን አበጅቶ ቤቱ ይገባል።