ከአምባራስ ደም እስከ ዘር ሐረግ ሥዕል

ከደባርቅ ተነስቶ ሰሜን ተራሮችን የሚወጣ እንግዳ አምባራስ ሲደርስ ትንፋሹ ያጥረዋል። ቦታው 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው እዚያ የ236 ነዋሪዎችን ደም መርምረው በፈረንጆቹ 2002 ያሳተሙት ውጤት ብዙዎችን አስገረመ። አየሩ በሳሳበት ቦታ ቢኖሩም የነዋሪዎቹ ደም እንደ ቆላ ሰው ደም ነበር፤ የኦክስጅን ሙሌቱ 95.3 በመቶ፣ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በአማካይ በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር።

የወንዶቹን ሄሞግሎቢን ከሴቶቹ ከፍ ያደረገው ምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ቴስቶስትሮን ነው፤ ሆርሞኑ ቀይ የደም ሴል በብዛት እንዲመረት ያደርጋል። ስለዚህ ሴት ተብሎ ተመዝግቦ ያደገ፣ ዛሬ ግን ቴስቶስትሮን እየወሰደ በወንድነት የሚኖር ትራንስጀንደር ሰው ደሙ በሴት መለኪያ ቢነበብ ያልታመመው ሰው የታመመ ሊመስል ይችላል።

በዘር ውርስ ምክር ላይ ስሕተቱ የበለጠ ያስከፍላል። ቢአርሲኤ በተባለው ጂን ላይ ያለ ጉድለት በጡትና በእንቁላል እጢ ካንሰር የመያዝን ዕድል ይጨምራል። መዝገቡ «ወንድ» ስላለ ብቻ የእንቁላል እጢ ያለው ሰው ሳይመረመር ሊቀር ይችላል። ጡቱን በቀዶ ሕክምና ያስወገደም ቢሆን ጥቂት የጡት ሥጋ ይቀርለታል። ካንሰር የሚይዘው የአካል ክፍሉን ነው፤ መታወቂያውን አይጠይቅም።

የዘር ውርስ አማካሪዎች ቤተሰብን በሥዕል ያስቀምጣሉ፤ ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጄኔቲክስ አማካሪዎች ማኅበር ይህን አሣሣል በፈረንጆቹ 2022 አሻሻለው፤ ምልክቱ ሰውየው ራሱን የሚያውቅበትን ጾታ ያሳያል፣ ሲወለድ የተመዘገበው ከሥሩ ይጻፋል። ሁለት እናቶች ያሳደጉት ልጅም የሥጋ ወላጁና አሳዳጊው ተለይተው ይሰፍራሉ።

ወላጅን ከአሳዳጊ መለየት ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ዘመድ እስከ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር የጡት ልጅና የአብራክ ልጅ ልዩነት ይታወቃል። በሰሜን ጎንደር የምትገኘው ዳባትም ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትና ሞት የሚመዘግቡባት ወረዳ ናት። ቤተሰብ መጠየቅ ያልለመደ አካባቢ አይደለም።

የሚከብደው ሌላ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በወንጀል ይቀጣል። ምስጢሩ ይወጣብኛል ብሎ የሚፈራ ታካሚ ደግሞ ለሐኪሙ እውነቱን አይናገርም፤ በግማሽ ታሪክ ላይ የተሰላ ስጋት ዋጋ የለውም።

የጤና ባለሙያዎች ሆይ፣ «ባለቤትዎ ማን ይባላሉ?» ከማለታችሁ በፊት «ማን ወለደዎት? ማን አሳደገዎት? ምን ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎታል? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሩንም ዝጉት።