ቅጹ «አልቀበልም» ሲል፦ የቡና አርሶ አደሮች ምዝገባና የኮምፒዩተር የስህተት መልእክቶች

ከጎባ ተነሥቶ የሳነቲን አምባ የሚያቋርጠው መንገድ የሐረናን ደን ዘልቆ ደሎ መና ሲደርስ፣ የስንዴውና የገብሱ ደጋ ለቡና ምድር ቦታውን ይለቃል። በዚህ አካባቢ በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና ለብዙ ቤተሰብ ዋነኛ የገንዘብ ምንጭ ነው። ዛሬ ግን ቡናው ወደ ውጭ ገበያ ሲጓዝ ከጆንያው ጋር መረጃም አብሮ እንዲጓዝ እየተጠየቀ ነው፤ የአምራቹ ስም፣ ማሳው የሚገኝበት ትክክለኛ ቦታ፣ ስፋቱና ምርቱ የተሰበሰበበት ጊዜ።

ለዚህ ዋነኛው ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው፣ የደን ጭፍጨፋን ለመከላከል የወጣው ደንብ ነው። ደንቡ ቡናን ጨምሮ ሰባት ዓይነት ምርቶች እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 (ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.) በኋላ ደኑ ከተመነጠረ መሬት ተመርተው ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገቡ ይከለክላል። ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል። ሆኖም ጀርመንን የመሰሉ ዋና የኢትዮጵያ ቡና ገዢዎች የዚሁ ኅብረት አባላት በመሆናቸው ምዝገባው ችላ የሚባል ሥራ አይደለም።

በወረቀት የተሞላው መረጃ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ግን መዝጋቢው ደጋግሞ የሚገጥመው ነገር አለ። ቅጹ መረጃውን አልቀበልም ብሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የስህተት መልእክት ያሳያል። በዚህ ጊዜ መዝገቡ «በኋላ ይታያል» ተብሎ ሊተው፣ ወይም ቅጹ እንዲያልፍ ብቻ የሆነ ቁጥር ሊሞላበት ይችላል። በሁለቱም መንገድ ተጎጂው አርሶ አደሩ ነው። ስለዚህ መልእክቶቹ ምን እንደሚሉ ማወቅ ለመዝጋቢውም ለተመዝጋቢውም ይጠቅማል።

ከቅጹ ጀርባ ያለው ምንድን ነው?

በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ተጭነው ከሚሠሩ የመረጃ ቋት ፕሮግራሞች መካከል በብዛት የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1992 ለገበያ የቀረበው ማይክሮሶፍት አክሰስ ነው። ቋቱን ክፍል ክፍል ባለው ጎተራ መመሰል ይቻላል። ለስንዴ በተዘጋጀው ክፍል ገብስ አይጨመርም። በተመሳሳይ መንገድ አንዱ ሳጥን ቁጥር ብቻ፣ ሌላው ቀን ብቻ፣ ሦስተኛው ጽሑፍ እንዲቀበል ተደርጎ ይሠራል። መዝጋቢው በስክሪኑ ላይ የሚያየው ቅጽ የጎተራው በር ነው፤ የስህተት መልእክቱ ደግሞ በሩ ላይ የቆመ ጠባቂ ነው። ጠባቂው የሚያውቀው ግን ቅጹን የሠራው ባለሙያ የነገረውን ብቻ ነው።

የተለመዱት መልእክቶችና መፍትሔያቸው

«ያስገቡት ለዚህ ሳጥን ተገቢ አይደለም» የሚለው በብዛት የሚታየው መልእክት ነው። የቁጥር ሳጥን ውስጥ ፊደል ሲገባ ይመጣል። ለምሳሌ ክብደት በኪሎ ግራም በሚሞላበት ሳጥን «5 ፈረሱላ» ተብሎ ቢጻፍ ቅጹ አይቀበልም። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ስለሆነ የሚጻፈው 85 ብቻ ነው። ለዜሮ ፋንታ የእንግሊዝኛውን «ኦ» ፊደል መምታትም ያንኑ መልእክት ያስከትላል። ሌላው ምክንያት የቁጥሩ ርዝመት ነው። በአክሰስ የተለመደው የሙሉ ቁጥር ሳጥን ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም። በመሆኑም 12 አሃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር ወይም በ251 የሚጀምር የስልክ ቁጥር አይገባበትም። መፍትሔው አሃዝ መቀነስ ሳይሆን ሳጥኑ የጽሑፍ ሳጥን እንዲሆን ማስደረግ ነው። የማይደመርና የማይባዛ ቁጥር ሁሉ እንደ ጽሑፍ ቢያዝ ይሻላል።

«ይህ ሳጥን ባዶ መሆን አይችልም» የሚለው አንድ አስገዳጅ መረጃ እንደጎደለ ይናገራል። እዚህ ላይ ትልቁ ፈተና ዜሮ ወይም ሰረዝ ሞልቶ ማለፍ ነው። የማሳ ስፋቱ ያልታወቀ አርሶ አደር «0» ተብሎ ከተመዘገበ፣ መዝገቡ ማሳ እንደሌለው ይመሰክርበታል። ጀምሮ ማቆም ካስፈለገ «ኢስኬፕ» የሚለውን ቁልፍ አንድ ጊዜ መጫን የሳጥኑን፣ ሁለት ጊዜ መጫን ደግሞ ገና ያልተቀመጠውን የመዝገቡን ለውጥ በሙሉ ይሰርዛል። ከዚያ በኋላ መረጃውን አሟልቶ መመለስ ነው።

«ይህ መዝገብ ድግግሞሽ ይፈጥራል» የሚለው መለያ ቁጥሩ ቀደም ሲል ለሌላ መዝገብ መሰጠቱን ያሳውቃል። አርሶ አደሩ አስቀድሞ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሁለት ሰዎች በስህተት አንድ ቁጥር ተሰጥቷቸው ይሆናል። በቁጥሩ መጨረሻ አንድ አሃዝ ጨምሮ ማለፍ አንዱን ማሳ ሁለት ጊዜ ያስቆጥራል። በቅድሚያ ነባሩን መዝገብ ፈልጎ ማየት ያስፈልጋል።

«ያስገቡት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም» የሚለው እንደ ቀበሌ ስም ባሉ ከዝርዝር በሚመረጡ ሳጥኖች ላይ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የአጻጻፍ ልዩነት ነው። ቀበሌው ከዝርዝሩ ጨርሶ ከሌለ እንዲጨመር ማሳወቅ እንጂ የጎረቤቱን ቀበሌ መምረጥ አይገባም።

በሳጥኑ ውስጥ «#ኔም?» የሚል ምልክት ከታየ ግን ጥፋቱ የመዝጋቢው አይደለም። ቅጹ የሚፈልገውን ሳጥን በዚያ ስም ከሠንጠረዡ ማግኘት አልቻለም ማለት ነው። መልእክቱን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ቅጹን ለሠራው ባለሙያ ማሳየት ከሁሉ የተሻለ ነው።

የዘመን አቆጣጠራችን ሲገባበት

በእኛ አገር የቀን ሳጥን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አክሰስ ቀንን የሚያውቀው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነውና። ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. የተለቀመ ቡና «30/2/2016» ተብሎ ሲገባ ቅጹ ይቃወማል፤ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር 30 ቀን የለውምና። በጥቅምት 12 የተለቀመው «12/2/2016» ተብሎ ሲገባ ግን ያለ ምንም ተቃውሞ ያልፋል። ኮምፒዩተሩ እንደ ቅንብሩ ፌብሩዋሪ 12 ወይም ዲሴምበር 2 ቀን 2016 አድርጎ ይይዘዋል። ትክክለኛው ቀን ኦክቶበር 23 ቀን 2023 ስለነበር መዝገቡ ከስድስት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው።

ጳጉሜንም እንዲሁ ናት። አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ፕሮግራሙ ይቃወማል ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። «5/13/2016» ሲጻፍለት ሜይ 13 አድርጎ ይቀበለዋል። መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ቀኑን ቀይሮ ማስገባት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቅጹ ሲሠራ ለኢትዮጵያ ቀን፣ ወርና ዓመት ሦስት የተለያዩ የቁጥር ሳጥኖች ማዘጋጀት ነው። በሁለቱም መንገድ የትኛው አቆጣጠር እንደሚፈለግ ከሳጥኑ አጠገብ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።

ዝም ብሎ የሚያልፈው ስህተት ይብሳል

ከዚህ የምንረዳው መልእክት ያስከተለ ስህተት ከሁሉ የቀለለው መሆኑን ነው፤ ቢያንስ ይታያል። ከባዱ ቅጹ በዝምታ የሚቀበለው ነው። በብዙ ቦታ አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር ተደርጎ ይወሰዳል። የስፋት ሳጥኑ ሙሉ ቁጥር ብቻ እንዲይዝ ተደርጎ ከተሠራ፣ 0.25 ተብሎ የገባው ማሳ ወደ ዜሮ ይጠጋጋል፤ ሦስት ጥማድ ወይም 0.75 ደግሞ አንድ ሄክታር ይሆናል። በዚህ ጊዜ ምንም መልእክት አይመጣም። የስልክ ቁጥርም በቁጥር ሳጥን ከገባ መነሻው ላይ ያለው ዜሮ ይጠፋል።

የማሳው መገኛ የባሰ ነው። የአውሮፓው ደንብ ኬክሮስና ኬንትሮስ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ከነጥብ በኋላ ኖሯቸው እንዲመዘገቡ ይጠይቃል። ለቡና ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ዙሪያው ይለካል። ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ ከተጻፈ ቦታው በአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ሊስት ይችላል፤ ይህም ማሳውን የጎረቤት ወይም የጥብቅ ደን ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ደሎ መና በኬክሮስ 6.4፣ በኬንትሮስ 39.8 አካባቢ ትገኛለች። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ቢለዋወጡ ማሳው በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ያርፋል። ለኮምፒዩተሩ ሁለቱም ትክክለኛ ቁጥሮች ስለሆኑ አይቃወምም፤ ከውጭ ሆኖ ካርታውን የሚያየው ገዢ ግን ቡናውን ላይቀበል ይችላል።

ይህን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። ቅጹን የሚሠራው ባለሙያ የኬክሮስ ሳጥኑ ከ3 እስከ 15፣ የኬንትሮሱ ከ33 እስከ 48 ብቻ እንዲቀበል ቢያዝዘው የተለዋወጠ ቁጥር በሩ ላይ ይመለሳል። መልእክቱንም «ኬክሮስና ኬንትሮስ ተለዋውጠው እንዳይሆን ይመልከቱ» ብሎ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ መጻፍ ይችላል።

ስምን በተመለከተ ግን ከማሽን ይልቅ የሰው ዓይን ያስፈልጋል። «አሊ» እና «ዓሊ»፣ «ሁሴን» እና «ሑሴን» ለእኛ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በቁቤ ሲጻፉም አንድ ፊደል መጥበቁ ወይም መላላቱ ያንኑ ያስከትላል። ስለዚህ ስሙ በመታወቂያው ላይ እንዳለ መጻፍ ይኖርበታል።

ከአርሶ አደሩ ምን ይጠበቃል?

አርሶ አደሮች ለምዝገባ ሲቀርቡ መታወቂያቸውን ይዘው መምጣት፣ የማሳቸውን ስፋት በሄክታር መናገርና ምርታቸው የተሰበሰበበትን ቀን ከነወሩ ማስታወቅ ይገባቸዋል። ከሁሉ በላይ መዝጋቢው ሲጨርስ የገባው መረጃ በድምፅ እንዲነበብላቸው መጠየቅ ይችላሉ። ስሙ፣ ቀበሌው፣ ስፋቱ፣ ቀኑ ሲነበብ ማሳው ዜሮ ወይም ዓመቱ የተሳሳተ መሆኑን ከባለቤቱ ፈጥኖ የሚያውቅ የለም። የማሳው ነጥብም በስልክ ካርታ ላይ ተከፍቶ ቢታይ የት እንዳረፈ ወዲያው ይለያል። ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ የሚቀለው ቡናው ገና በዛፉ ላይ ሳለ ነው፤ ጆንያው ከተጫነ በኋላ መዝገብ ማረም ለሁሉም ወገን ከባድ ይሆናል።