እውነት ወይስ ተረት? ስለ ቻርልስ ፓርሃም የሚነገረው

ስለ ጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ አጀማመር ሲወራ የአሜሪካዊው ሰባኪ የቻርልስ ፓርሃም ስም አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1873 አዮዋ ውስጥ ተወለደ፤ የሜቶዲስት አገልግሎቱን ትቶ ወጣ፤ በ1900 ቶፒካ፣ ካንሳስ ላይ ቤቴል የተባለ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ከፈተ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ ከሐዋርያት ወዲህ በልሳን መናገር የተጀመረው በእሱ ትምህርት ቤት ነው።

እውነት፦ በ1831 ለንደን በሰባኪው ኤድዋርድ ኢርቪንግ ጉባኤ በልሳን ተነግሯል። ፓርሃምም ራሱ ትምህርት ቤቱን ሊከፍት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ሜይን ግዛት በሚገኝ ማኅበር ልሳን ሰምቷል። የእሱ አዲስ ነገር ልሳን የመንፈስ ቅዱስ ጥምቀት ምልክት ነው ብሎ ማስተማሩ ነው።

ተረት፦ ተማሪዎቹ መጽሐፍ ቅዱስን መርምረው ልሳን የመንፈስ ቅዱስ ጥምቀት ምልክት ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሱ፤ ከዚያ ከእነሱ አንዷ አግነስ ኦዝማን በ1901 የመጀመሪያ ዕለት በልሳን ተናገረች።

እውነት፦ ይህ የፓርሃም ትረካ ነው። ኦዝማን በ1909 ስትመሰክር ግን በልሳን እንደምትናገር አስቀድማ አላወቀችም ነበር። የእሷ ቃል ለምን ከትረካው ተገፍቶ እንደቀረ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ተረት፦ ኦዝማን የተናገረችውም የጻፈችውም ቻይንኛ ነበር።

እውነት፦ ጋዜጦች ያተሙት ጽሑፏ ቻይንኛ ሆኖ አልተገኘም። ፓርሃም ግን ሚስዮናውያን ቋንቋ ሳይማሩ በየአገሩ ልሳን ይሰብካሉ ብሎ እስከ መጨረሻው አመነ። አልፍሬድ ጋር የተባለ ሰባኪ ይህንኑ አምኖ ካልካታ ሲደርስ ልሳኑን የሚረዳ ሰው አጣ።

ተረት፦ የሎስ አንጀለሱ የአዙሳ ጎዳና መነቃቃት የፓርሃም ሥራ ነው።

እውነት፦ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ፓርሃም ሂዩስተን ላይ ሲያስተምር ዊሊያም ሲሞር ለመማር መጣ። ወላጆቹ ከባርነት የወጡ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ በቴክሳስ የዘር መለያየት ምክንያት ከነጮች ጋር መቀመጥ ስለማይፈቀድለት ከክፍሉ ውጭ ሆኖ በተከፈተ በር ትምህርቱን አዳመጠ። በ1906 ሎስ አንጀለስ ሄዶ በአዙሳ ጎዳና የመራው ጉባኤ ጥቁሩንም ነጩንም፣ ሜክሲኮአዊውንም በአንድ ወለል ላይ አንበረከከ። ፓርሃም በዚያው ዓመት ጥቅምት መጥቶ ያየውን አወገዘ። ጉባኤው አልተቀበለውም፤ እሱም በዚያው ከተማ ተቃራኒ ስብሰባ ከፈተ። በኋላ ስለዚያ የዘር መቀላቀል በንቀት ጽፏል፤ በ1927ም የነጮች የበላይነት አራማጁን ኩ ክሉክስ ክላንን አወድሷል። መምህርነቱን ማክበር ይህን መሸፈን አይደለም።

ተረት፦ በ1907 ሳን አንቶኒዮ ላይ በሥነ ምግባር ወንጀል ተፈረደበት።

እውነት፦ ታስሯል፤ ክሱ ግን ፍርድ ሳይሰጥበት ተዘግቷል። ሰውን በልኩ መውቀስ ይገባል።

ተረት፦ ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ አማኝ የሩቅ አገር ወሬ ነው።

እውነት፦ የአዙሳ ዜና በ1906 ኒው ዮርክ ለነበረው የኖርዌይ ሰባኪ ቶማስ ባራት ደረሰ፤ እሱም እሳቱን ይዞ ወደ ስካንዲኔቪያ ተመለሰ። ከአሥርት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባና ሐዋሳ የገቡት የፊንላንድና የስዊድን ጴንጤቆስጤ ሚስዮናውያን ከዚያው መነቃቃት የወጡ ናቸው። የኢትዮጵያ ጴንጤ ሐረጉን ወደ ኋላ ቢቆጥር፣ ከበር ውጭ የተቀመጠውን ተማሪ ሲሞርን ሳያገኝ ፓርሃም ዘንድ አይደርስም።