ስለ ወጣት ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ምደባ

የሕክምና ትምህርት ረዥም መንገድ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። አንድ ወጣት ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ስድስትና ሰባት ዓመት ያህል ይማራል፤ የመጨረሻውንም ዓመት ኢንተርን ተብሎ ሌሊቱን ከቀን ሳይለይ በሕሙማን አልጋ አጠገብ ቆሞ ያሳልፈዋል። በዚህ ሁሉ ድካም የሚያገኘው ስም ጠቅላላ ሐኪም የሚል ነው። ቀዶ ሐኪም ወይም የሕፃናት ሐኪም ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም ለመባል ግን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ሌላ ትምህርት ይቀረዋል፤ ይኸውም ሬዚደንሲ የሚባለው ነው። ወደዚህም ትምህርት የሚገባው በፈለገው ጊዜ በፈለገው በር አይደለም። በጤና ሚኒስቴር አማካይነት የሚሰጠውን አገር አቀፍ ፈተና ይፈተናል፤ የሚመኘውን የሕክምና ዘርፍና የሚመኘውን ዩኒቨርሲቲ በተራ ያስመዘግባል፤ ከዚያም ነጥቡና የተከፈተው ቦታ ተገናዝቦ ምደባው ይወጣል።

ይህ ውጤት በሚጠበቅበት ሰሞን በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ በኪራይ ቤት የሚኖሩ ወጣት ሐኪሞች እንቅልፍ የላቸውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች አዲስ አበባን ከደቡብ ምዕራብ፥ ከምዕራብና ከሰሜን የከበቡ ናቸው፤ የቤት ኪራይ ከመካከለኛው ከተማ ስለሚቀልባቸው ደመወዙ የማይበቃው ሠራተኛ ሁሉ፥ ሐኪሙም ጭምር፥ ወደ እነርሱ ይወጣል። ደግሞም እያንዳንዳቸው የታላቅ መንገድ በር ናቸው። ሰበታን ያለፈ ወደ ጅማ ይወርዳል፤ ቡራዩን ያለፈ ወደ አምቦና ወደ ነቀምት ይሄዳል፤ ሱሉልታን ያለፈ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደብረ ማርቆስ፥ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር ይዘልቃል። በእነዚህም መንገዶች ላይ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ቆመዋል። ስለዚህ ጥቁር አንበሳን ወይም ቅዱስ ጳውሎስን ተመኝቶ ዓመት ሙሉ ፊቱን ወደ ከተማው አዙሮ የኖረ ወጣት፥ ውጤቱ በወጣ ማግስት ፊቱን ወደ ሌላው የመንገድ ጫፍ እንዲያዞር ይገደዳል። ባለትዳር የሆነ እንደ ሆነም ነገሩ ይከብዳል፤ ባልና ሚስት ሁለቱም ሐኪሞች ሆነው ለአንዱ ጅማ ለሌላው ጎንደር ሊደርስ ይችላልና። በአሜሪካ ባለትዳሮች ምርጫቸውን አጣምረው የሚያስመዘግቡበት ደንብ ተሠርቶላቸዋል፤ ምደባ በሚሠራበት አገር ሁሉ ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

ውጤቱን የሚያየው ወጣት ብዙ ጊዜ ቁጥሩን የሚያነበው እንደ ፍርድ ቃል ነው። ያሰበው ዘርፍ ያልደረሰው እንደ ሆነ ዕውቀቱ የተናቀ፥ ድካሙም የጠፋ ይመስለዋል። ምደባ ግን ሦስት ነገሮች የሚገናኙበት ስሌት ነው፤ እጩው የጻፈው ምርጫ፥ ያመጣው ነጥብና በዚያ ዓመት የተከፈተው የቦታ ብዛት። ከሦስቱ በእጩው እጅ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አንድ ሆስፒታል አምና አራት ተማሪ ተቀብሎ ዘንድሮ ሁለት የተቀበለ እንደ ሆነ፥ አምና ይገባ የነበረው ሰው ዘንድሮ በር ይዘጋበታል፤ ዕውቀቱ ግን ከአምናው አላነሰም።

ከዚህ ቀደም አዲስ የተመረቁ ጠቅላላ ሐኪሞች ወደየክፍለ ሀገሩ የሚላኩት ዕጣ እያወጡ እንደ ነበረ ብዙዎች ያስታውሱታል። ዕጣ ደግ ጠባይ አለው፤ ሩቅ አገር የደረሰው ሰው ያዝናል እንጂ አያፍርም፤ ወረቀቱን ያነሣው እጁ ነውና። ነጥብ ግን ያሳፍራል። ፍትሕ የሚገኘው በነጥብ ነው ብሎ ዕጣውን ለሚተው መንግሥት፥ ከነጥብ ጋር የሚመጣውን ኀፍረት ማቃለልም የሥራው አንድ ክፍል ነው። በሐዋርያት ሥራ ዕጣው ለማትያስ በወጣ ጊዜ ዮሴፍ የተባለው ሁለተኛው እጩ አብሮ ቆሞ ነበር፤ መጽሐፉ ግን ከዚያ ወዲያ ስለ እርሱ የሚናገረው ነገር የለም።

ሌሎች ደግሞ ውጤቱ በሥውር እጅ የተሠራ ነው ይላሉ። ይህን ሐሜት የሚያጠፋው የስሌቱን አሠራር ገልጦ ማሳየት ነው። በአሜሪካ በቀድሞው ጊዜ ሆስፒታሎች ተማሪ ለመንጠቅ ሲሽቀዳደሙ፥ ወጣቱ ትምህርቱን ሳይጨርስ አሁኑኑ እሺ ወይም እንቢ በል እያሉ ያስጨንቁት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ሁሉም በአንድ ማዕከል እንዲመደብ ተደረገ። በ1962 ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ የተባሉ ሊቃውንት የዚህን ዓይነት ማጣመር በሒሳብ አስረዱ፤ ኋላም አልቪን ሮት የአሜሪካውን ምደባ መርምሮ አሻሻለው፤ ሻፕሊና ሮትም በ2012 የኢኮኖሚ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። እጩው አስቀድሞ ለመጀመሪያ ምርጫው ይቀርባል፤ ሆስፒታሉም ለጊዜው ይይዘዋል እንጂ አያጸናለትም፤ ከእርሱ የሚመርጠው ሌላ እጩ የመጣ እንደ ሆነ ይለቀዋል፤ የተለቀቀውም ወደ ሁለተኛው ምርጫው ይሄዳል፤ እንዲህ እየተባለ የሚንቀሳቀስ ሰው ሲያልቅ ምደባው ይጸናል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለእጩው ትልቅ ነው፤ የልቡን ምርጫ በቅደም ተከተል የጻፈ ሰው በእውነተኛነቱ አይጎዳም። የእኛ አገር ምደባ በአገር አቀፍ ፈተና ነጥብ ላይ ስለ ቆመ አሠራሩ ከዚህ ይለያል፤ ይሁን እንጂ «ይህ ይበዛብኛል» ብሎ የሚወደውን በሦስተኛ፥ የማይወደውን በመጀመሪያ የጻፈ ወጣት ኋላ የሚወቅሰው ሰው አያገኝም።

የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የቀመሰ አንባቢ ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ድጓ የሚያስመሰክር ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት የሚፈልግ ወደ ዙር አምባ፥ አቋቋም የሚሻ ወደ ጎንደር ይሄዳል፤ ሙያው ከቦታው፥ ቦታውም ከመምህሩ አይለይም። ተማሪው አኩፋዳውን አንጠልጥሎ የሚሄደው ግን መምህሩን ራሱ መርጦ ነው፤ ያልተስማማው እንደ ሆነም በማግስቱ ተነሥቶ ወደ ሌላ ደብር ይሻገራል። ሬዚደንቱ እንዲህ ማድረግ አይችልም፤ ወደ ተመደበበት ዘርፍ ከገባ ዓመታቱን በዚያው ይፈጽማል። ያም ሆኖ ድጓ ፍለጋ ከቤቱ ወጥቶ በመንገድ ያገኘው የቅኔ መምህር የያዘው፥ ኋላም ባለቅኔ ሆኖ የቀረ ተማሪ ጥቂት አይደለም።

ለዚህ ማስረጃ ከቡራዩ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በገፈርሳ በኩል የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ አለ። የአእምሮ ሕክምና በብዙ እጩዎች ዝርዝር ውስጥ ከግርጌ የሚጻፍ ዘርፍ ነው፤ ዘመድም ቢሆን ልጁ ቀዶ ሐኪም ሆነ ሲባል እልል እንደሚለው የአእምሮ ሐኪም ሆነ ሲባል አይልም። ሆኖም በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ሬዚደንሲ በተጀመረ ጊዜ፥ ወደ 70 ሚሊዮን ለሚጠጋው ሕዝብ በአገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት ይህን ሙያ የፈለገ ወደ ውጭ አገር ይሄድ ነበር፤ ከሄዱትም ያልተመለሱ ብዙ ናቸው። ትምህርቱ የቆመው ከካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በየተራ እየመጡ፥ ወር ያህል እየተቀመጡ፥ ከኢትዮጵያውያኑ መምህራን ጋር አብረው በማስተማራቸው ነው። ከዚያ የወጡት ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ይልቁንም በአማኑኤል ሆስፒታል ይሰጥ የነበረውን ሕክምና ከአዲስ አበባ ውጭ አስፋፉት። በ2003 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ የተጀመረው የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንሲም እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ ያልነበረ ዘርፍ ነበርና በልጅነቱ የተመኘው ሰው ሊኖር አይችልም፤ ዛሬ ግን በመኪና አደጋ የወደቀ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው እርሱን ነው። እንግዲህ በእነዚህ ዘርፎች የተመደበ ወጣት ከሌላ የተረፈ ቦታ ደረሰኝ ብሎ ከማዘኑ አስቀድሞ፥ በዚያ ዘርፍ ስንት ሐኪም እንዳለና ስንት ሕመምተኛ እንደሚጠብቀው ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን በ1951 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ፥ ለሦስት ዓመት ብቻ ተዋውለው ነበር። ፊስቱላ የሚባለውን ሕመም ከዚህ ሳይመጡ በዓይናቸው አላዩትም ነበር። በምጥ ብዛት ተጎድተው ከሰው የተለዩትን ሴቶች ባዩ ጊዜ ግን ያንን ሕክምና ከመጻሕፍት ፈልገው ተማሩ፤ በ1960ዎቹም መጨረሻ ሆስፒታሉን አቆሙ፤ ዶክተር ካትሪንም እዚሁ ሲሠሩ ኖረው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው ዐረፉ። በስማቸው የሚጠራው የአዋላጆች ኮሌጅ ደግሞ ከመጡ ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007፥ ተከፈተ።

ከሁሉ የሚከብደው አንድም ቦታ ያልደረሰው ወጣት ነገር ነው። ወላጆቹ «ዶክተራችን» እያሉ ለጎረቤት ተናግረዋል፤ እርሱ ግን ስልኩን ዘግቶ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ቤቱ ይቀመጣል። ነገሩን በቶሎ ለቤተ ሰቡ መንገር ይሻለዋል፤ የተደበቀ ወሬ ሲቆይ ይከብዳልና። ሥራውንም አይተው፤ ዓመቱን ሁሉ በክፍሉ ተዘግቶ መጽሐፍ ከሚያነብ፥ በጤና ጣቢያ ሕሙማንን እያየ ማታ ከሁለት ከሦስት ባልንጀሮቹ ጋር የሚያጠና ብዙ ጊዜ የተሻለ ይዘልቃል። እንቅልፍ ያጣና ምግብ የተጸየፈ እንደ ሆነም ወደ አእምሮ ሐኪም መሄድ ነውር አይደለም፤ ሐኪም መሆን ከሕመም አያድንም።

ባለ ሥልጣኖች በበኩላቸው የሚያደርጉት አለ። ያላለፈው እጩ በየትኛው ትምህርት እንደ ደከመ እንዲያውቅ ነጥቡን ከፋፍሎ መስጠት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በየዘርፉ የሚከፈተውም ቦታ እጩዎቹ ምርጫቸውን ከመጻፋቸው በፊት አስቀድሞ ቢገለጥ፥ ብዙ ሐሜትና ብዙ ኀዘን ይቀራል። የተመደበውም ሐኪም ለመመዝገብ ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ከሰበታ እስከ ጅማ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ደብዳቤው ግን በአንድ ቤት ውስጥ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ለመሻገር ሳምንት ሲፈጅበት ይታያል።