አንበሳው ትል እየበላ እንዴት አደገ?



ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ትምህርት ቤት አራት እጩ መምህራን ሆነን ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች «ዘ ላየን ኪንግ» የተባለውን የካርቱን ፊልም አሳየን። ፊልሙ እንዳለቀ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ አንበሳው ትል እየበላ እንዴት ጎፈር አበቀለ?» ሲል ጠየቀ። እኛም ሳቅን፤ «ፊልም እኮ ነው!» ብለን አለፍነው። ክፍሉም ተከትሎን ሳቀበት። ልጁ ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ እጁን አላወጣም። ማታ መኝታ ክፍላችን ሆነን ስንነጋገርበት ጥያቄው ደንበኛ የሳይንስ ጥያቄ መሆኑ ገባን። መልሱን ደግሞ እኛው ራሳችን በሚገባ አናውቀውም ነበር! ስለሆነም ካነበብነው ጥቂቱን ለእናንተ ለማካፈል ወደድን።

ፊልሙን ላላዩ፣ ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ስካር የተባለው አንበሳ ወንድሙን ንጉሥ ሙፋሳን ይገድልና ጥፋቱን በደቦሉ በሲምባ ላይ ያላክካል። ሲምባ ሸሽቶ ቲሞንና ፑምባ ከተባሉ ወዳጆች ዘንድ ትልና ጥንዚዛ እየበላ ያድጋል፤ ኋላም ተመልሶ የአባቱን ዙፋን ይረከባል። ፑምባ ከርከሮ ነው፤ ቲሞን ደግሞ በኋላ እግሩ ቆሞ ዙሪያውን የሚቃኝ ሚርካት የሚባል ትንሽ አውሬ ነው። ሲምባ ማለት በስዋሂሊ አንበሳ ማለት ነው። ፊልሙን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 ያወጣው የዋልት ዲስኒ ኩባንያ ሲሆን፣ አዘጋጆቹ ሮጀር አለርስና ሮብ ሚንኮፍ ናቸው።

ታዲያ ሥዕል እንዴት ይንቀሳቀሳል? በእያንዳንዱ ሴኮንድ 24 ምስሎች በዓይናችን ፊት ያልፋሉ፤ አንዱ ከሌላው የሚለየው በጥቂቱ ስለሆነ ዓይናችን አንድ እንቅስቃሴ አድርጎ ያየዋል። ፊልሙ 88 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። 88 በ60፣ እሱን ደግሞ በ24 ብናባዛ 126,720 ምስል ይመጣል። (ለማባዛት ትምህርት ከዚህ የተሻለ መልመጃ ከየት ይገኛል?) በእርግጥ ሁሉም አዲስ ሥዕል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ሥዕል ለሁለት ምስል ያገለግላል።

የንግግሩ ነገር ደግሞ እኛ ከገመትነው የተገላቢጦሽ ነው። ተዋናዩ ሥዕሉን እያየ የሚናገር ይመስለን ነበር። ነገሩ ግን፣ አስቀድሞ ድምፁ ይቀረጻል፤ ሠዓሊው ያንን እየሰማ አፉን ከቃሉ ጋር አስማምቶ ይስላል። ለሙፋሳ ድምፁን የሰጠው ጄምስ ኧርል ጆንስ ነው። ስካርን የሳለው አንድርያስ ደያ ደግሞ ድምፅ ከሰጠው ከጄረሚ አይረንስ የፊት ሁኔታ ብዙ ነገር ወስዷል። ሠዓልያኑ የእውነት አንበሳ ስቱድዮ ድረስ አስመጥተው አካሄዱን እያዩ ስለዋል።

በ2019 ጆን ፋቭሮ ያንኑ ታሪክ በኮምፒዩተር፣ የእውነት አንበሳ አስመስሎ እንደገና ሠራው። ሁለቱንም አየናቸው። አዲሱ ላይ ጸጉሩ፣ ሣሩ፣ አቧራው ሁሉ ድንቅ ነው፤ ሲናገሩ ግን ድምፁ ከጀርባ ከተቀመጠ ሬዲዮ የሚወጣ ይመስላል። የእውነት አንበሳ እንደ ሰው ቅንድቡን ሰብሰብ አድርጎ አያዝንማ! የቀድሞው፣ ሥዕል መሆኑን ስለማይደብቅ፣ ሲያለቅስ እናምነዋለን።

ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። አንበሳ በትል አያድግም፤ አንድ ጎልማሳ አንበሳ በአማካይ በቀን ከ5 እስከ 7 ኪሎ የሚሆን ሥጋ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ልጁ ልክ ነበር። ይሁንና ፊልሙ በሁሉም አልዋሸም። ወንድ ደቦል ሁለት ሦስት ዓመት ሲሆነው ከተወለደበት መንጋ ይለያል፤ መንጋውን ቀምቶ የሚገባ አዲስ ወንድ አንበሳም ብዙ ጊዜ ያገኛቸውን ደቦሎች ይገድላል። የስካር ክፋት እንግዲህ ከሜዳ የመጣ አይደለም።

የተበደለው ጅብ ነው። በፊልሙ ላይ ጅቦች የስካር ሎሌዎች፣ ፈሪና የሰው እጅ ጠባቂዎች ሆነው ቀርበዋል። ሐንስ ክሩክ የተባለው ተመራማሪ በ1960ዎቹ በታንዛኒያ፣ በሴሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ፣ ሌሊት ሌሊት ሲከታተላቸው ያየው ሌላ ነው። ዥንጉርጉሩ ጅብ የሚበላውን አብዛኛውን ራሱ አድኖ ይገድላል፤ በንጎሮንጎሮ እንዲያውም አንበሶቹ ናቸው ጅቦች የገደሉትን የሚነጥቁት! ሠዓልያኑ ጅብ ለመሳል በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ይጠኑ ወደነበሩት ጅቦች ዘንድ በሄዱ ጊዜ ተመራማሪዎቹ «እባካችሁ መልካም ስም ስጡት» ብለው ነበር፤ ሰሚ አላገኙም። አንድ ነገር ግን አልሳቱም፤ የሦስቱ ጅቦች አለቃ ሸንዚ ሴት ናት፤ የጅብ መንጋን የምትመራው ሴቷ መሆኗ እውነት ነው።

ፈረንጆቹን ብቻ ለመውቀስ አፋችን አይደፍርም። በእኛም ተረት አያ ጅቦ ሆዳምና ሞኝ ነው፤ እመት ጦጢት ስታታልለው ስንስቅ ነው ያደግነው። በሌላ በኩል በሐረር፣ ከግንቡ ውጭ፣ ሰዎች ማታ ማታ ጅብን ስም ጠርተው ሥጋ በእጃቸው ያጎርሱታል። ተማሪዎቻችን ሁለቱንም ጅብ ያውቃሉ፤ እኛ ግን ፊልሙን ስናሳይ አንዱንም አልጠየቅናቸውም።

በማግሥቱ ሰኞ ወደዚያው ክፍል ገብተን፣ ልጁ ልክ እንደነበረና የሳቅነው እኛ እንደተሳሳትን በክፍሉ ፊት ተናገርን፤ የሥጋውንም ኪሎ ሰሌዳ ላይ ጻፍንለት። ትንሽ ቆየና እጁን አወጣ፤

«ታዲያ መምህር፣ ፑምባን ለምን አልበላውም?»

አንበሳ ከርከሮ ይበላል። ቀሪውን ክፍለ ጊዜ በዚሁ ላይ ስንከራከር ደወል ተደወለ።